ሳይጫኑት የሚጮኽ ደወል

ጋሽ ፀሐዬ ወር ሙሉ ሚስታቸውን የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ «ወለቴ፣ ጠራሽኝ?» የሚል። እትዬ ወለተማርያምም ወር ሙሉ የመለሱት አንድ መልስ ነው፤ ራሳቸውን ግራና ቀኝ መወዝወዝ። አልጠራሁህም ማለታቸው ነው። እሳቸው ሳይጠሩ ደወሉ ይጠራል። ጋሽ ፀሐዬ ከተቀመጡበት ይነሳሉ፣ ጉልበታቸውን ደግፈው ይገባሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይመለሳሉ። ተቀምጠው ሳይደላደሉ ደግሞ ይጮኻል።

ደወሉን የሠራችው ነፃነት ናት፤ እፍረቱም የሚያንገበግበው እሷን ነው። መገናኛ አካባቢ የሊፍት መቆጣጠሪያ የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ሰው ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር የምታደርግ ልጅ አንዲት መጥሪያ አቃታት ሲባል አስቡት። እንዲህ ያላት ሰው የለም። እሷው ናት ለራሷ እየደጋገመች የምትለው።

እትዬ ወለተማርያም ለነፃነት እንዲሁ ጎረቤት ብቻ አይደሉም። ከጉራራ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ሁለቱ ቤቶች አንድ አጥር ይጋራሉ። ነፃነት ገና ፊደል ሳትጨርስ የእነ ጋሽ ፀሐዬን ሬዲዮ ፈታትታ መልሳ መግጠም አቅቷት፣ እናቷ አርጩሜ ይዛ ስትፈልጋት፣ እትዬ ወለተማርያም ከኋላቸው ደበቋት። አስተማሪ ነበሩ። «ልጅቱ አላበላሸችም፤ ውስጡን ማየት ፈልጋ ነው» አሉ። በማግስቱ የቆመ የግድግዳ ሰዓት አምጥተው «በይ ይኼንንም ፍቺው» ብለው ሰጧት። ነፃነት ዛሬ የምትበላው እንጀራ ከዚያ ሰዓት ውስጥ እንደወጣ ታውቃለች፤ አንድም ቀን ረስታው አታውቅም።

ባለፈው ክረምት እትዬ ወለተማርያምን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ ያንን ሁሉ ተማሪ ጸጥ ያሰኝ የነበረው ድምፃቸውም አብሮ ሄደ። ግራ እጃቸው ግን ደህና ነበር። የበሽተኛ አልጋው ጠባቧን መኝታ ቤት ስለሞላት ጋሽ ፀሐዬ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛሉ፣ ጆሯቸውም ከበድ ብሏል። ነፃነት ይህን አይታ ነው ደወሉን የሠራችው። ከአልጋው ራስጌ በግራ እጅ የምትነካ መጥሪያ አለች። ከሷ የሚወጣው ሽቦ ሳሎን ወዳለች ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ይመጣል። ሳጥኗ ውስጥ ያለችው ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ጥፍር የምታህል ቺፕ መጥሪያዋ መነካቷን ስታውቅ ደወሉን ታስጮኻለች። ኃይል የምታገኘው ከተራ የስልክ ቻርጀር ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ቀላል ነበር።

ቀላል የነበረው ነገር አሁን ቤት ሊያፈርስ ደርሷል። ሰሞኑን ጋሽ ፀሐዬ ለሐሰት ጥሪ ሲሮጡ የበሩ ደፍ ላይ ተደናቅፈው ግንባራቸው ተሰነጠቀ። ልጃቸው ጥሩብርሃን ከአያት ስትመጣ አባቷን ግንባራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አገኘቻቸው። ከእንቅልፍ እጦት የተነሳ ዓይናቸው ቀልቷል። «ቅዳሜ እማዬን እወስዳታለሁ» አለች። ጥሩብርሃን ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የምትችለውን ነው ያለችው። ኮንዶሚኒየሟ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስት ልጆች አሏት። ለእናቷ አንድ አልጋ ይገኛል። ለአባቷ ግን ቦታ የለም። በትዳር የሸበቱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ አያት አንዱ ጉራራ ሊቀሩ ነው። ደወሉን ነቅሎ መጣልም አይሆንም፤ ያለሱ ጋሽ ፀሐዬ እስከ ጓሮ እንኳን መውጣት አይችሉም።

ነፃነት ያልሞከረችው የለም። ሳጥኗን ወስዳ የራሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት፤ ሳምንት ሙሉ ትንፍሽ አላለችም። እዚህ ስትመልሳት ትጮኻለች። ነካ ሲደረግ ወዲያው እንዳታምን ፕሮግራሟን አስተካከለች፤ ትንሽ ተሻለ እንጂ አልዳነም። የመጥሪያዋን ሽቦ ቀየረች። ቻርጀሩን ቀየረች። ኃይሉን እንዲያረጋጋ ካፓሲተር በየደችበት። ሳጥኗ ውስጥ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ካፓሲተር ጨመረች፤ ደወሉ ግን ዋለ አደረ እንጂ መጮኹን አልተወም።

አንድ ቀን ከመብራቱ ነቅላ ከፓወርባንክ ጋር አገናኘችው። ጸጥ አለ። ደስ ብሏት ቤቷ ገባች። ፓወርባንኩ ግን የሚመጠጠው ኃይል ሲያንስበት የሚጠቀምብኝ የለም ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ሳጥኗ ደግሞ የምትጠጣው ጠብታ ነው። ደወሉ ሞቶ ማንም አላወቀም። እትዬ ወለተማርያም ውኃ ጠምቷቸው ደጋግመው ተጫኑ፤ ማን ይስማ። ጋሽ ፀሐዬ ከጓሮ ሲመለሱ ጉንጫቸው በእንባ ርሶ አገኟቸው። ነፃነት ይህን ስትሰማ እሷም አለቀሰች። ከለቅሶዋ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባት፤ ጥፋቱ ከሳጥኗም ከሽቦውም አይደለም፣ ከመብራቱ ጋር ነው የሚገባው።

መብራቱን የሚያዋዥቀው ከዳገቱ ታች ያለው ብየዳ ቤት ነው ብላ ጠረጠረች። በልቧ ስንት ጊዜ እንደረገመችው እሷ ታውቃለች። እሁድ ብየዳ ቤቱ ተዘግቶ ደወሉ ከሌላው ቀን ሁሉ ብሶ ሲጮኽ ግን እርግማኗን መልሳ ዋጠችው።

ዓርብ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ የኤሌክትሪኩን መልክ በመስመር የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ ከመሥሪያ ቤቷ ተውሳ መጣች። ከቻርጀሩ መውጫ ጋር አገናኝታ ሳሎን ወለል ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ፀሐዬ ከሶፋው ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ።

«ይኼ የልብ ምርመራ ይመስላል» አሉ።

«እንደሱ በሉት። እዚህ ግን መስመሩ ቀጥ ካለ ነው ጤና» አለች።

መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሄደ፣ ሄደ። ከዚያ ድንገት ወደ ታች ሰመጠና እንደ እሾህ ወደ ላይ ተተኮሰ። ደወሉም ጮኸ። ጋሽ ፀሐዬ ከልምድ የተነሳ ሲነሱ ነፃነት እጃቸውን ያዘች። ሌላ ነገር ሰምታለች። እሾኹ በታየበት ቅጽበት ከጥጉ ጠቅ የሚል ድምፅ መጥቷል። ይህን ድምፅ ወር ሙሉ ስትሰማው ኖራለች፤ የቤቱ ድምፅ ነው ብላ እንጂ ልብ አላለችውም። ጠበቀች። ጠቅ አለ፤ እሾኹ ታየ። ደግሞ ጠቅ አለ፤ ደግሞ እሾህ። ነፃነት ዞር ብላ ጥጉን አየች።

ጥጉ ላይ የተቀመጠው በእትዬ ወለተማርያም እጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል የለበሰ የጋሽ ገብረማርያም ስታብላይዘር ነው።

ጋሽ ገብረማርያም ከበላይ ያለው ቤት ጎረቤት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። እትዬ ወለተማርያም ከሆስፒታል ሲመለሱ «መብራት እየዋዠቀ የበሽተኛ ቤት አይሆንም» ብለው ስታብላይዘሩን ከራሳቸው ፍሪጅ ነቅለው፣ ታቅፈው አመጡት። የሚያግዝ ሰው እንኳን አልጠሩም። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። በሽተኛዋን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው መርፌውን ያያሉ። «ሁለት መቶ ሃያ። መብራት ማለት ይኼ ነው» ይላሉ። ዳንቴሉን መልሰው ያለብሱታል፤ ብርድ እንዳይመታው ይመስል።

ነፃነት ደወሉን የገጠመች ዕለት ቻርጀሩን ከግድግዳው ሶኬት ልትሰካ ነበር። «ንጹሑ እያለ?» አሏት ጋሽ ገብረማርያም፤ የስታብላይዘሩን መውጫ እያሳዩ። ኤሌክትሪክ የተማረችው እሷ ናት። እንዲህ ያለ ርካሽ ስታብላይዘር ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለች፤ ኃይሉ ወረድ ወጣ ባለ ቁጥር ሪሌ የምትባለው መቀያየሪያ ከአንዱ የሽቦ ጥቅል ወደ ሌላው ትዘላለች፤ ጠቅ የምትለው እሷ ናት። በዝላዩ መሀል ኃይሉ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይቋረጣል፣ ሲመለስም በእሾህ ይመለሳል። ፍሪጅ ይህን አያውቀውም። ጥፍር የምታህል ቺፕ ግን ትደናገጥና ተነካሁ ብላ ትጮኻለች። ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ ነበራት። ግን አንድ ሽማግሌ በደስታ ቆመው እያሳዩ እንዴት እምቢ ይባላል? ይሉኝታ ያዛትና ሰካችው። ከዚያም ሽቦውን ጠረጠረች፣ ቻርጀሩን ጠረጠረች፣ ያልበደለ ብየዳ ቤት ረገመች፤ በፍቅር የመጣውን ዕቃ ግን ቀና ብላ አላየችውም። ስንት የተማረ ሰው በዚህ ዓይነት ጨዋነት መሣሪያ አቃጥሏል መሰላችሁ።

«ጋሼ፣ አገኘሁት» አለች። ጣቷንም ቀሰረች።

ጋሽ ፀሐዬ ጥጉን አዩ፣ እሷን አዩ፣ መልሰው ጥጉን አዩ። «አይሆንም» አሉ።

«እሱ ነው ጋሼ። ይኸው በዓይንዎ እያዩት ነው።»

«እሱ መሆኑን መቼ ካድኩ። መንቀሉ ነው የማይሆነው። ሰውዬው ከራሱ ፍሪጅ ነቅሎ ነው ያመጣው። ስጦታህ ሚስቴን አስቸገራት ብዬ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ነገ እኮ ጥሩዬ ልትወስዳቸው ነው የምትመጣው።»

ሽማግሌው ወደ መኝታ ቤቱ ዞር ብለው አዩ። የመኝታ ቤቱ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ከዚያ የእትዬ ወለተማርያም ትንፋሽ ይሰማል። ፋሻቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። «እንግዲያው ንቀይው። ለገብሬ ግን አንቺ ትነግሪዋለሽ፤ እኔ አልችልም» አሉ።

ነፃነት ዳንቴሉን አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ስታብላይዘሩን ነቀለች። ሳጥኗን ከማዶ ካለው የግድግዳ ሶኬት ሰክታ፣ ለቀሪው እሾህ ማጣሪያ የሚሆን የመዳብ ሽቦ ጥቅል ከቻርጀሩ በኋላ በየደችላት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ዋለ። ጋሽ ገብረማርያም ያን ቀን ለቅሶ ሄደው ስለነበር አልመጡም፤ ነፃነትም የሰው ሞት ስለገላገላት አፈረች። ደወሉ እስኪነጋ አልጮኸም። ጋሽ ፀሐዬ ጠዋት «ለጥ ብዬ አደርኩ» ሲሏት ሰማይን ነው ያመሰገነችው፤ ሌላ ማን ይመሰገናል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥሩብርሃን መጣች። ነገሩን ነገሯት፤ አንድ ሌሊት ጸጥ ማለቱ ግን አላሳመናትም። ስንት ጊዜ ተሠራ ተብሎ ስንት ጊዜ እንደጮኸ ታውቃለች። «ባለቤቴ ወደ ማታ መኪና ይዞ ይመጣል። እስከዚያ አንድ ጊዜ እንኳን በከንቱ ከጮኸ ይዣት እሄዳለሁ» አለች፤ ነፃነትን ሳይሆን ወለሉን እያየች። ለመጨከን ፊት ያላት ሴት አይደለችም።

ሦስቱም ሳሎን ተቀምጠው ሲጠብቁ ጋሽ ገብረማርያም ባርኔጣቸውን ይዘው ገቡ። እግዜር ይማርሽ ብለው ወደ መኝታ ቤቱ ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደ ጥጉ ሄዱ። ዳንቴሉ የለም። መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል።

«መብራት ጠፋ እንዴ?» አሉ። አምፖሉ ግን በርቷል።

ጋሽ ፀሐዬ ጣራውን ያዩ ጀመር። ነፃነት ተነሳች። ሌሊቱን ስታዘጋጅ ያደረችው ንግግር ነበራት፤ ዕቃው ትንሽ ይረፍ ብለን ነው የሚል። ፊታቸውን ስታይ ውሸቱ ከአፏ አልወጣ አለ።

«ጋሽ ገብሬ፣ ዕቃዎ አልተበላሸም። የተሠራለትን ሥራ እየሠራ ነው። ግን ጠቅ ባለ ቁጥር መብራቱን ለአፍታ ይቆርጠዋል፤ ደወሉ በከንቱ ሲጮኽ የከረመው በዚያ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። እዚያ ላይ መሰካት እንደሌለብኝ ማወቅ ነበረብኝ። እርስዎን እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው።»

ጋሽ ገብረማርያም ቀስ ብለው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «እንቅልፍ የነሳቻችሁ የኔ ዕቃ ናታ» አሉ። «ፀሐዬ የወደቀውም በሷ ነው?»

«ተው እንጂ ገብሬ። እኛ ራሳችን ትናንት ነው ያወቅነው» አሉ ጋሽ ፀሐዬ።

«በየቀኑ እየመጣሁ መርፌዋን አይ ነበር እኮ። በኩራት።» ተነሱና የስታብላይዘሩን ገመድ ይጠቀልሉ ጀመር። ነፃነት ልታግዛቸው ስትጠጋ በክንዳቸው ከለከሏት፤ ዕቃቸውን ታቅፈው ወደ በሩ ዞሩ። ሁለት ሽማግሌዎችን አብሮ ለማኖር ነፃነት ሦስተኛውን ሰበረች።

ደወሉ ያኔ ጮኸ።

ጋሽ ገብረማርያም በሩ ላይ ደርቀው ቆሙ። ጥሩብርሃን ብድግ አለች። «በቃ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልነበረም። ነፃነት ሳጥኗን አየች፣ የግድግዳውን ሶኬት አየች፣ በሽማግሌው እቅፍ ያለውን ዕቃ አየች። ይኼም አልነበረም ማለት ነው። ምንም አላወቅኩም ማለት ነው። ግድግዳውን ተደገፈች። ጋሽ ፀሐዬ ብቻ እንደ ሁልጊዜው ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱና ገቡ። ሴቶቹ ተከተሏቸው።

«ወለቴ፣ ጠራሽኝ?»

እትዬ ወለተማርያም ባላቸውን አዩ። ራሳቸውን ወደ ታች ነቀነቁ። ደግመው ነቀነቁ። ግራ እጃቸው አሁንም መጥሪያዋ ላይ ነበር።

ነፃነት አፏን በእጇ ያዘች። ሳጥኗ አልዋሸችም። ሰው ጠርቶ፣ ጥሪው ደርሶ፣ የተጠራው ሰው መጥቷል። በልጅነቷ ከኋላቸው የደበቋት ሴት እነሆ ሠራሁላቸው ባለችው ነገር ተናገሩ።

«ውኃ ነው?» አሉ ጋሽ ፀሐዬ። አይደለም። «ትራሱን ላስተካክል?» አይደለም። «እኔን ነው እማዬ?» አለች ጥሩብርሃን። እትዬ ወለተማርያም ልጃቸውን በዓይናቸው ዳበሷት እንጂ እሷንም አይደለም። ግራ እጃቸውን ከመጥሪያዋ አንስተው፣ በባላቸው ትከሻ በኩል፣ በተከፈተው በር ወደ ሳሎን ዘረጉት። ያ በር ሁሉንም ሲያሰማቸው ነበር።

«ገብሬ፣ አንተን ነው። ና» አሉ ጋሽ ፀሐዬ።

ጋሽ ገብረማርያም ዕቃውን እንደታቀፉ ገቡ። የት እንደሚያስቀምጡት ግራ ገብቷቸው አልጋው ሥር አኖሩት። እትዬ ወለተማርያም የሰውዬውን እጅ ያዙት። ሳቡት፤ ያንን ዕቃ ተሸክሞ ዳገት የወረደውን እጅ ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው ሳሙት። አልለቀቁትም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ከክረምት ወዲህ ቃል ያልወጣበት አፍ እየታገለ ነበር።

«ይስጥ…» አሉ። አረፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና ሞከሩ። «ይስጥልኝ።»

«እኔ ምን አደረግሁና» አሉ ጋሽ ገብረማርያም። ሌላ ለማለት አልቻሉም፤ አልጋው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ጋሽ ፀሐዬ የጎረቤታቸውን ጀርባ እየመቱ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይላሉ፤ የሳቸውም እንባ በፋሻው ሥር ይወርዳል።

ጥሩብርሃን ስልኳን አውጥታ ወደ መስኮቱ ዞረች። «መኪናውን ተወው» አለች። ከወዲያ የተጠየቀችውን ሰማች። «አይ፣ እማዬ አትመጣም። ቤቷ ናት። እኔ በታክሲ እመጣለሁ።»

ጋሽ ፀሐዬ ይህን ሰሙ። ሄደው ከሚስታቸው እግር ሥር፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።